ዓይን ሳይቀላ ሲቆጣ

ብግነት ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የቀላና ያበጠ ቁስል ነው። የስኳር በሽታ በዓይን ውስጥ የሚያስነሣው ብግነት ግን አያምም፤ ዓይንም አያቀላም። ስኳር በደም ውስጥ ለዓመታት ሲበዛ፣ ብርሃን በሚቀበለው ውስጠኛ ሽፋን፣ በሬቲና፣ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይቆጣሉ። ነጭ የደም ሕዋሳት ግድግዳቸው ላይ እየተለጠፉ ይደፍኗቸዋል፤ ፈሳሽ ይሰርጋል፤ እይታ ይደበዝዛል። ጠባቂው ራሱ አጥፊ ሆነ ማለት እኮ ነው!

ታዲያ አስፕሪን እንዋጥበት? የለም። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ ሰፊ የአሜሪካ ጥናት አስፕሪን የበሽታውን መባባስ እንደማይገታ አሳይቷል። ስኳሩንና የደም ግፊቱን መቆጣጠር ይበልጣል። በመካከላችን «ዓይኔን አላመመኝም» እያለ ዓመታዊ ምርመራውን የሚያሳልፍ የስኳር ሕመምተኛ ካለ፣ ጥቁር ሰሌዳው እስኪደበዝዝበት አይጠብቅ። ለምርመራው ብሌኑ በጠብታ ስለሚሰፋ ለጥቂት ሰዓት ማንበብ ያስቸግራል፤ ከፈተና ቀን ጋር አለማጋጨት ነው።