በመነጽር ሌንስ የሚሠራ የተማሪዎች ቴሌስኮፕ

ሉማሜ፤ በምሥራቅ ጎጃም የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በሉማሜና በዙሪያዋ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ሌሊቱ ከዋክብትን ለማየት የተመቸ ነው። ተማሪዎች ስለ ጨረቃና ስለ ፕላኔቶች በመጽሐፍ የሚማሩትን በዓይናቸው እንዲያረጋግጡ፣ የገበሬ ማኅበርና ትምህርት ቤት ተባብረው በአነስተኛ ወጪ ቴሌስኮፕ ሊሠሩ ይችላሉ።

ቁጥሩ ፕላስ 1 የሆነ የማንበቢያ መነጽር ሌንስ ብርሃንን በ1 ሜትር ርቀት ላይ ይሰበስባል። ይህ ሌንስ በካርቶን ቱቦ ጫፍ ይገጠማል። በሌላው ጫፍ፣ ብርሃንን በ5 ሳንቲ ሜትር ላይ የሚሰበስብ ትንሽ አጉሊ መነጽር ወደ ውስጥና ወደ ውጭ በሚንሸራተት ጠባብ ቱቦ ይገባል። ሁለቱ ሌንሶች 1 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲራራቁ፣ የሚታየው ነገር 20 ጊዜ ይጎላል፤ ነገር ግን ተገልብጦ ይታያል። የቱቦውን ውስጥ በጥላሸት ማጥቆር፣ የፊተኛውንም ሌንስ 3 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ ባለው ካርቶን መሸፈን ምስሉን ያጠራዋል። በእጅ ሲያዝ ስለሚንቀጠቀጥ በተተከለ ባላ ላይ ይታሰራል።

በዚህ መሣሪያ የጨረቃ ጉድጓዶች፣ እንዲሁም ጋሊሊዮ በ1610 እ.ኤ.አ. ያያቸው አራቱ የጁፒተር ጨረቃዎች ይታያሉ።

ይሁን እንጂ በቴሌስኮፕ ፀሐይን ማየት ዓይንን በቅጽበት ያጠፋል። በተለይ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በከፊል እንደሚታየው ያለ የፀሐይ ግርዶሽ ሲሆን የልጆች ጉጉት ይጨምራል። ስለዚህ መሣሪያው ቀን ቀን ተቆልፎ እንዲቀመጥ፣ ማታም መምህር ባለበት ብቻ እንዲወጣ፣ ልጆቹንም ወደየቤታቸው የሚያደርሱ ወላጆች እንዲመደቡ ማድረግ የማኅበሩ መሪዎች ኃላፊነት ነው።