ለጀማሪ አንባቢ የሚሆን መጽሐፍ

በአማርኛ ማንበብ የሚጀምር ልጅ 33 ፊደላት በሰባት በሰባት ቤት ተደርድረው ይጠብቁታል፤ በድምሩ 231። ከሀ እስከ ፐ በዜማ የሚወጣ ልጅ ግን ማንበብ ችሏል ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ከመሐል አንዱን ሲጠየቁ ተርታውን ከመጀመሪያው መቁጠር ይጀምራሉ። የጥሩ መጽሐፍ ሥራ ፊደሉን ከዚያ ተርታ አውጥቶ በቃልና በታሪክ ውስጥ ማስተዋወቅ ነው።

ስለዚህ ሲመርጡ ከሽፋኑ ይልቅ የውስጡን ገጽ ማየት ይበጃል። ጥቂት ፊደላት ተደጋግመው ይመጣሉ? ጽሑፉ ጎላ ያለ፣ በቃላቱ መካከል ያለው ክፍተትስ ሰፋ ያለ ነው? በተለይ ሳድሱ ልብ ይባል። ካዕብ በአብዛኛው ከጎኑ በሚወጣ ቅጥያ ይለያል፤ የሳድስ ቅርጽ ግን ከፊደል ፊደል ስለሚለያይ ልጁ ደጋግሞ ሊያገኘው ይገባል።

የቃሉም ርዝመት ይታይ። «ላሟ ሣር በላች» የምትለው ዓረፍተ ነገር ለጀማሪ ትመቻለች። «እንዳልመጡላት» ግን አንድ ቃል ሆና ስምንት ፊደላት አሏት፤ አፍራሹም፣ ባለቤቱም፣ የመጡላትም ሴት በውስጧ ታጭቀዋል። ከሌላ ቋንቋ በጥድፊያ የተተረጎሙ መጻሕፍት እንዲህ ባሉ ቃላት ይሞላሉ፤ በመጀመሪያው ቋንቋ አጭር የነበረው ዓረፍተ ነገር አማርኛው ላይ ሲደርስ ይከብዳል።

ሥዕልም ለማሳመሪያ ብቻ አይደለም። ጽሑፋችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም፤ «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ ደግሞ «እስካሁን» ማለት ነው። የገና ጨዋታ የሚጫወቱ ልጆች አጠገቡ ተሥለው ከሆነ ልጁ በትክክል ያነበዋል።

እንዲህ ያለ መጽሐፍ እንደልብ አልነበረም። በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ይሠሩ የነበሩት ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ አጥተው፣ የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ በ2002 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። በዓመቱም አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። ዛሬ «አፍሪካን ስቶሪቡክ» የተባለው የደቡብ አፍሪካ ፕሮጀክት የአማርኛ ታሪኮችንም በነፃ ያቀርባል። ታሪኮቹን ከመጀመሪያ ቃላት እስከ ረጃጅም አንቀጾች በደረጃ ስለሚለይ፣ ውጭ አገር ለሚያሳድጉ ወላጆችም ምርጫውን ያቀላል።

ከመግዛት በፊት መሐል ላይ አንድ ገጽ ገልጦ ልጁን ማስነበብ ጥሩ ነው። አምስት ቃላት ካቃቱት መጽሐፉ ለጊዜው ከብዶታል፤ ታሪኩን ከወደደው ግን ትልቅ ሰው ያንብብለት፣ ራሱ የሚያነበው ደግሞ ቀለል ያለ ሌላ ይፈለግለት።