የመሃል ሰውነት ጡንቻዎች

የመሃል ሰውነት ጡንቻዎች (በስፖርተኞች አጠራር «ኮር») የሚባሉት ሆድን፣ ጎንንና ወገብን ከበው የሚገኙ ጡንቻዎች ናቸው። ዋና ሥራቸው አከርካሪን አጽንቶ መያዝ ነው። ብዙ ሰው «ኮር» ሲባል ከሆድ ፊት ለፊት የሚታየውን ጡንቻ ብቻ ያስባል፤ ይሁን እንጂ ወገብን ከሚደግፉት መካከል ብዙዎቹ ከውጭ አይታዩም።

አቀማመጥ

ከጎድን አጥንቶች በታችና ከዳሌ በላይ ያለውን የሰውነት ክፍል የሚያቆሙት አጥንቶች 5ቱ የወገብ አከርካሪ አጥንቶች ብቻ ናቸው። ቀሪውን ድጋፍ የሚሰጡት ጡንቻዎች ናቸው። አቀማመጣቸውም በቤት ሊመሰል ይችላል፦

• ጣሪያ፦ ድያፍራም። ደረትን ከሆድ የሚለይ፣ እንደ ጉልላት ወደ ላይ የጎበጠ ጡንቻ ነው። ሲኮማተር ወደ ታች ይወርድና ሳንባ አየር ይስባል።

• ወለል፦ የዳሌ ወለል ጡንቻዎች። የሽንት ፊኛን፣ የትልቁን አንጀት መጨረሻ፣ በሴቶች ደግሞ ማህፀንን ከታች ደግፈው ይይዛሉ።

• የጎን ግድግዳ፦ ሦስት ንብርብር ጡንቻዎች። የውጨኛው ክሮች በሰያፍ ወደ ታችና ወደ ፊት፣ የመካከለኛው ደግሞ በአብዛኛው ወደ ላይና ወደ ፊት ይሄዳሉ። እነዚህ ሁለቱ ሰውነትን ወደ ጎንና ወደ ጎን ለማዞር ይረዳሉ። የውስጠኛው ክሮች አግድም ስለሆኑ ሆድን እንደ መቀነት ያስራሉ።

• የፊት ግድግዳ፦ ከጎድን አጥንቶች እስከ ዳሌ ቀጥ ብሎ የሚወርደው የሆድ ጡንቻ። ወደ ፊት ለማጎንበስ ያገለግላል።

• የኋላ ግድግዳ፦ የአከርካሪ አጥንቶችን እርስ በርስ የሚያያይዙ አጫጭር ጡንቻዎችና ጀርባን የሚያቀኑ ረጃጅም ጡንቻዎች።

አሠራር

ሰው ከባድ ዕቃ ሲያነሳ እነዚህ ጡንቻዎች በአንድነት ይኮማተራሉ። ጣሪያው ይወርዳል፣ ግድግዳው ይጠብቃል፣ ወለሉም ይቋቋማል። በዚህ ጊዜ የሆድ ውስጥ ግፊት ይጨምራል፤ በደንብ የተነፋ ኳስ ሲጫኑት በቀላሉ እንደማይጨማደድ ሁሉ ወገብም ይጸናል። ይኸው ግፊት ለማሳል፣ ለማስመለስና ለምጥ ያስፈልጋል።

ጡንቻዎቹ ሥራቸውን የሚጀምሩበት ጊዜም ወሳኝ ነው። ፖል ሆጅስና ካሮሊን ሪቻርድሰን የተባሉ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው ክንዱን ሲያነሳ የውስጠኛው የሆድ ጡንቻ ከክንዱ ጡንቻ ቀድሞ እንደሚኮማተር አሳይተዋል። የወገብ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ግን ይህ ጡንቻ ይዘገይ ነበር።

ድክመትና ማጠናከሪያ

እርግዝናና ወሊድ የዳሌ ወለልን ሊያላሉ ይችላሉ። በዚህ ምክንያት አንዳንድ እናቶች ሲያስሉ ወይም ሲስቁ ሽንት ያመልጣቸዋል። ይህ የሚያሳፍር ነገር ሳይሆን ሊታከም የሚችል የጡንቻ ድክመት ነው። አሜሪካዊው የማህፀን ሐኪም አርኖልድ ኬግል በ1948 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው እንቅስቃሴ፣ ማለትም ሽንትን ለመያዝ የሚያገለግሉትን ጡንቻዎች ደጋግሞ ማጥበቅና ማላላት፣ ዛሬም ይታዘዛል።

ለሌሎቹ ጡንቻዎች በክርንና በእግር ጣቶች ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት (ፕላንክ) ይጠቅማል። የሆድ እንቅስቃሴ ጡንቻን ያጠነክራል እንጂ የሆድን ስብ ለይቶ አያቀልጥም።

የወገብ ሕመም ከእግር መስነፍ፣ በጭን መካከል ከመደንዘዝ ወይም ሽንትን መቆጣጠር ካለመቻል ጋር ከመጣ ነርቭ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል፣ እንቅስቃሴውን ትቶ በአስቸኳይ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።