ዓሣ ሊገዛ ወጥቶ የቀረው ሰው

አንድ ሰው ዓሣ ሊገዛ ከቤቱ ቢወጣ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዓሣውን አንጠልጥሎ ይመለሳል ብለን እንጠብቃለን። ለእኛ ለሐዋሳ ነዋሪዎች ይህ የየዕለት ነገር ነው። በማለዳ ወደ አሞራ ገደል እንወርዳለን፤ አባ ኮዳው ዓሣ ከሚያጸዱት ልጆች አጠገብ ቆሞ የሚጣልለትን ሲጠብቅ እናያለን፤ ቆሮሶውን ወይም አምባዛውን መርጠን፣ በዋጋው ተከራክረን እንመለሳለን። የወጣውም የተመለሰውም ያው አንዱ ሰው ነው። አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ነገር እርግጠኛ ነዎት?

በርቶልት ብሬኽት የተባለው ጀርመናዊ የቴአትር ደራሲ እርግጠኛ አልነበረም። ብሬኽት በ1898 (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) በአውግስቡርግ ከተማ ተወልዶ በ1956 በምሥራቅ በርሊን የሞተ ሰው ነው። የ28 ዓመት ወጣት ሳለ፣ በመስከረም 1926፣ «ሰው ማለት ሰው ነው» የተባለው ቴአትሩ በአንድ ምሽት በሁለት ከተሞች፣ በዳርምሽታትና በዲውሰልዶርፍ፣ ታየ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። እንግሊዞች ሕንድን ይገዙ በነበረበት ዘመን ጋሊ ጋይ የሚባል የወደብ ተሸካሚ ሚስቱን ተሰናብቶ ዓሣ ሊገዛ ይወጣል። ክፉ ሰው አይደለም። አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፤ እንቢ ማለት አይችልም። አንዲት ነጋዴ ቅርጫቷን እንዲሸከምላት ብትለምነው እሺ ይላል። በዚያው ቀን አራት ወታደሮች ቤተ ጣዖት ሊዘርፉ ገብተው አንዱ ጓደኛቸው እዚያው ይቀርባቸዋል። ሃምሳ አለቃው ስም ሲጠራ «አቤት» የሚል አራተኛ ሰው ያስፈልጋቸዋል። ጋሊ ጋይን ያገኙታል፤ መጠጥና ሲጋራ ይጋብዙታል፤ ለጥቂት ጊዜ ብቻ በጠፋው ሰው ስም አቤት እንዲልላቸው ይለምኑታል። አሁንም እሺ ይላል።

ከዚያ በኋላ ገመዱ እየጠበቀ ይሄዳል። ሚስቱ ፈልጋው ስትመጣ እኔ እርሱ አይደለሁም ይላታል። ወታደሮቹ እንዲሸጠው ዝሆን ይሰጡታል፤ ዝሆኑ ግን ሁለት ወታደሮች ተከናንበው የሠሩት ነው። ሽያጩ እንደ ተፈጸመ ሐሰተኛ ዝሆን ሸጠሃል ተብሎ ይከሰሳል፤ ሞትም ይፈረድበታል። ያን ጊዜ ነፍሱን ለማዳን ጋሊ ጋይ የሚባል ሰው አይደለሁም ብሎ ይክዳል። ጥይት ሳይነካው በድንጋጤ ራሱን ስቶ ይወድቃል። ሲነቃ አንድ ሣጥን ይቀርብለትና፣ በውስጡ አለ ለተባለው ለጋሊ ጋይ የቀብር ንግግር ያደርጋል። በመጨረሻም በጦር ሜዳ ከሌሎቹ ሁሉ የባሰ ጨካኝ ሆኖ ምሽግ በመድፍ ያፈርሳል። ዓሣውም ሳይገዛ ቀረ።

ሰው «እኔ» ሲል ምን ማለቱ ነው? ፈረንሳዊው ዴካርት በ1637 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሁሉን ነገር ቢጠራጠር እንኳ የሚጠራጠረውን ራሱን ሊጠራጠር እንደማይችል ጻፈ። ለእርሱ «እኔ» የማይናወጥ መሠረት ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ስኮትላንዳዊው ሂዩም ወደ ውስጡ ቢመለከት ሙቀትና ብርድ፣ ፍቅርና ጥላቻ፣ እየመጡ የሚሄዱ ስሜቶችን እንጂ «እኔ» የሚባል ነገር ለብቻው እንዳላገኘ ተናገረ። ብሬኽት ጥያቄውን ከፈላስፎች ክፍል አውጥቶ ወደ ወደቡና ወደ ጦር ሰፈሩ ወሰደው። ሰውየውን ማን ይጠራዋል? በማን ስም? ምን ይሰጠዋል? በምንስ ያስፈራራዋል? ለእርሱ «እኔ» በሣጥን የተቈለፈ ዕቃ ሳይሆን፣ በሰውና በሰው መካከል በየቀኑ የሚሠራና የሚፈርስ ነገር ነው።

ደራሲው ራሱ በዚህ ጉዳይ አሳቡን ለውጦአል። በ1927 ስለ ድርሰቱ በራዲዮ ሲናገር፣ ጋሊ ጋይ ከብዙኃኑ ጋር በመቀላቀሉ ይበረታል እንጂ አይጐዳም የሚል አስተያየት ነበረው። በ1933 ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ ግን ብሬኽት አገሩን ጥሎ ተሰደደ። በ1954 ወደ ኋላ ተመልክቶ ሲጽፍ፣ የድርሰቱ ቁም ነገር ክፉ ማኅበር ሰውን የሚያባብልበት ኃይል መሆኑን ገለጠ።

ብሬኽት ለአገራችን መድረክም እንግዳ አይደለም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን «እናት ዓለም ጠኑ»ን የደረሰው ከብሬኽት «እናት ኩራዥ» ተነሥቶ ነው። በጀርመንኛው ድርሰት ወታደሮች የተገደለ ልጇን ሬሳ አምጥተው ታውቂው እንደ ሆነ ሲጠይቋት፣ እናቲቱ አላውቀውም ትላለች። ጋሊ ጋይ ራሱን ካደ፤ እርሷም ልጇን ካደች። ሁለቱም የካዱት ለመኖር ብለው ነው።

እኛ ሞት ሳይፈረድብንም እንክዳለን። ለዚህም አንድ ቃል አለን፤ ይሉኝታ። ቃሉን ፈታ አድርገው ይመልከቱት። የሚሉት እነርሱ ናቸው፤ እኔ ያለሁት በ«ኝ» ፊደል ብቻ ነው። ይሉኝታ በራሱ ነውር አይደለም፤ ጎረቤትን ከማዋረድና አደራ ከመብላት ይከለክላል። ነገር ግን እንቢ ማለት በሚገባበት ሰዓት እሺ ያሰኘናል።

ይህን የምለው ከራሴ ጀምሬ ነው። ማስተማር በጀመርሁበት ዓመት፣ በሻይ ሰዓት አንድ ወረቀት እየዞረ መጣ። በአንድ ባልደረባችን ላይ የተጻፈ አቤቱታ ነበር። ሌሎቹ ፈርመዋል። ብዕሩን ያቀበለኝ በዕድሜ የሚበልጠኝ መምህር ነው፤ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ላንብበው» ማለት አፈርሁና ፈረምሁ። ባልደረባችን ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ወረቀቱን ያነበብሁት ከዚያ በኋላ ነው። ከተጻፈው ሁሉ እኔ በዓይኔ ያየሁት አንድም አልነበረም፤ ስሜ ግን በሰባተኛው ተራ በራሴ እጅ ተጽፎአል። ያን ቀን ሻይ ልጠጣ ወጥቼ የሐሰት ምስክር ሆኜ ተመለስሁ።

ጋሊ ጋይም ቢሆን በመጀመሪያ የተጠየቀው ነፍሱን አልነበረም፤ ቅርጫት እንዲሸከም ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ነገ በመሥሪያ ቤትዎ ወይም በክፍልዎ አንድ ወረቀት ቢዞር፣ ከመፈረምዎ በፊት ሁለት ደቂቃ ይለምኑና ያንብቡት። ቅር የሚለው ሰው አይጠፋም። ቢሆንም ማታ ወደ ቤትዎ የሚገባው ጧት የወጣው ሰው ይሆናል።