ሥሩን ያገኘ አይሳሳትም

ቀን ታክሲ ሲነዱ ወይም ፓርኪንግ ሲሠሩ ውለው፣ ማታ ለኮሌጅ መግቢያ ፈተና ከሚዘጋጁት ወገኖች አንዳንዶቹን የሚያሰናክላቸው እንግሊዝኛው ሳይሆን ሒሳቡ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ከጨረሱ ዓመታት አልፈዋል፤ የተማሩት ተረስቷል። በአንዳንድ ኮሌጆች ደግሞ ዝቅተኛ ውጤት ያመጣ ሰው፣ ገንዘብ የሚከፈልበት፣ ለዲግሪ ግን የማይቆጠር የማካካሻ ትምህርት እንዲወስድ ይደረጋል።

ከተረሱት ነገሮች አንዱ ይህ √ ምልክት ነው። ፈረንጆቹ «ራዲካል» ይሉታል፤ ሥር ማለት ከሆነው «ራዲክስ» ከተሰኘ የላቲን ቃል የመጣ ነው። በፖለቲካው «ራዲካል» የሚባለው በአማርኛ «ሥር ነቀል» መባሉም ከዚሁ ጋር ይገጥማል። በ9ኛው መቶ ዘመን በባግዳድ ስለ አልጀብራ የጻፈው አል ኽዋሪዝሚም በዓረብኛ የተጠቀመበት ቃል ሥር ማለት ነው። ምልክቱን እ.ኤ.አ. በ1525 በመጽሐፍ ያሳተመው ጀርመናዊው ክሪስቶፍ ሩዶልፍ ነበር።

√72 ሲባል ጥያቄው «በራሱ ተባዝቶ 72 የሚሆነው ቁጥር ስንት ነው?» ነው። ተራ ካልኩሌተር 8.485 ብሎ ይመልሳል። ይህ ግን ግምት ነው፤ ከነጥቡ በኋላ ያሉት ቁጥሮች ማለቂያ የላቸውም። በፈተናው ላይ የሚገኘው ትክክለኛ መልስ 6√2 ነው።

ዘዴው ቀላል ነው። 72 ማለት 36 ጊዜ 2 ነው። 36 ደግሞ 6 በራሱ ተባዝቶ የሚገኝ ነው። ስለዚህ 6 ከሥሩ ምልክት ይወጣል፤ 2 እዚያው ይቀራል። 36 ትዝ ያላላቸው በ4 ቢጀምሩም ችግር የለም። 2√18 ያገኛሉ፤ 18 ደግሞ 9 ጊዜ 2 ስለሆነ 3 ይወጣና መልሱ ያው 6√2 ይሆናል።

ጥቅሙ በመደመር ጊዜ ይታያል። √72 እና √50 እንዲሁ ሲታዩ የማይደመሩ ይመስላሉ። ሲቃለሉ ግን 6√2 እና 5√2 ናቸው፤ ድምሩ 11√2 ነው። ስድስት ብርቱካንና አምስት ብርቱካን አሥራ አንድ ብርቱካን እንደሚሆን ማለት ነው።

ብዙዎችን የሚጥለው ወጥመድ ሌላ ነው። ከምልክቱ ሥር 9 ሲደመር 16 ካለ፣ 3 እና 4 ብሎ 7 ማለት ስሕተት ነው። መጀመሪያ ተደምሮ 25 ይሆናል፤ መልሱም 5 ነው። በየተራ ማውጣት የሚቻለው በማባዛት እንጂ በመደመር አይደለም።

4፣ 9፣ 16፣ 25፣ 36፣ 49፣ 64፣ 81፣ 100፤ እነዚህን እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ በቃል መያዝ ግማሹን ሥራ ያቀላል። ልጆች ከትምህርት ቤት ይዘው የሚመጡትም ይኸው ሒሳብ ነውና፣ ወላጅና ልጅ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ቢሠሩት ሁለቱም ይጠቀማሉ።