የአሥመራው ካቴድራል፦ ማን አሠራው? ለማንስ?

አሥመራ የኤርትራ ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በደጋ ላይ ተቆርቁራለች። በዋናው ጎዳናዋ አጠገብ አንድ ረዥም የደወል ግንብ ቆሟል። ቁመቱ ከ50 ሜትር በላይ ነው። አንድ የመብራት ምሰሶ 10 ሜትር ነው ብንል፣ አምስት ምሰሶ ቢቀጣጠል እንኳ ጫፉ ላይ አይደርስም። ግንቡ የካቶሊኮች ቤተ ክርስቲያን ነው። ቤተ ክርስቲያኑ የተሠራው በመቁጠሪያዋ እመቤታችን ስም ሲሆን፣ ሰው ግን በአጭሩ ካቴድራል ይለዋል።

በዚህ ጽሑፍ ሦስት ነገር እንመለከታለን። ሕንፃው እንዴት ተሠራ? በዚያ መልክ የተሠራው ለምንድነው? የተሠራውስ ለማን ነው? ዓመቶቹን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጣሊያኖች እንዴት አሥመራ ገቡ?

ጣሊያኖች በ1885 የምጽዋን ወደብ ያዙ። በ1889 ወደ ደጋው ወጥተው አሥመራን ያዙ። በ1890 አገሩን ኤርትራ ብለው ሰየሙና ቅኝ ግዛታችን ነው አሉ። ምጽዋ ሙቀቷ አያስቀምጥም። ስለዚህ ዋና ከተማቸውን ወደ አሥመራ አዛወሩ። ከምጽዋ ተነሥቶ ተራራውን የሚወጣ 118 ኪሎ ሜትር ያህል የባቡር ሐዲድም ዘረጉ። ባቡሩ በ1911 አሥመራ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ በመርከብ የመጣ ከባድ ዕቃ ሁሉ ሽቅብ ለመውጣት መንገድ አገኘ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለብን። የካቶሊክ እምነት ወደዚያ አገር የገባው ከጣሊያን ጦር ጋር አይደለም። ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ጁስቲኖ ዴ ያኮቢስ ዓድዋ የገቡት በ1839 ነው። ሕዝቡ አቡነ ያዕቆብ ይላቸው ነበር። እሳቸው የአገሬው ካቶሊኮች በግዕዝ ሥርዓት እንዲቀድሱ ፈቀዱ እንጂ ላቲን ተማሩ ብለው አላስገደዱም። የአሥመራው ካቴድራል ግን የላቲን ሥርዓት ቤት ሆኖ ነው የተሠራው። ይኸም ማለት የጣሊያኖቹ ሥርዓት ነው።

ሕንፃው ምን ይመስላል?

ቤተ ክርስቲያኑ በ1923 ተመረቀ። ንድፉን ያወጣው ኦሬስቴ ስካናቪኒ የሚባል ጣሊያናዊ ነው። ግድግዳው ወፍራም፣ የተገነባበት ጡብ ቀይ ነው። በሮቹና መስኮቶቹ ከላይ ክብ ቅስት አላቸው። በጣሪያው ጠርዝ ሥር ትናንሽ ቅስቶች እንደ ጥልፍ ተደርድረዋል። ውስጡ የሚገኘው መንበር ካራራ ከሚባለው የጣሊያን አገር በወጣ እብነ በረድ የተሠራ ነው። የመስበኪያው ሰገነትና የኑዛዜው መቀመጫ ከጣሊያን እንጨት ተቀርጸዋል።

ይህ የአሠራር ዓይነት በሰሜን ጣሊያን፣ ሎምባርዲያ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ በ11ኛውና በ12ኛው መቶ ዓመት የተስፋፋ ነው። የላሊበላ ቤተ ክርስቲያኖች ከዓለት ከተፈለፈሉበት ዘመን ብዙም አይርቅም። ታዲያ በ1923 የቆመ ሕንፃ የ800 ዓመት ልብስ የለበሰው ለምንድነው? ብረትና ሲሚንቶ ጠፍቶ ነው እንዳንል፣ በዚያ ጊዜ ሁለቱም ነበሩ። ነገሩ ወዲህ ነው። አሠሪዎቹ ከሩቅ የሚታይ መልእክት ፈልገው ነበር፤ «ይህ መሬት ጣሊያን ነው፣ እኛም ከጥንት የነበርን ያህል ነን» የሚል። የሕንፃው መልክ ለጣሊያኑ ሰፋሪ የአገሩን ናፍቆት ያስታግሥለታል። ላገሬው ሰው ደግሞ ጌታው ማን እንደሆነ ይነግረዋል።

ለማን ተሠራ?

ፋሺስቶች ሮም ላይ ሥልጣን የያዙት በ1922 ነው። በኋላ የካቴድራሉ ጎዳና የሙሶሊኒ ጎዳና ተባለ። በ1937 ጣሊያናዊ ከአፍሪካዊት ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር ሕግ ወጣ። በአውቶቡስና በሲኒማ ቤት ነጭና ጥቁር ተለያየ። የከተማው መካከል ለጣሊያን ተከለለ፤ አገሬው ዳር ወጣ። እንግዲህ አስቡት፦ ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር ፊት አንድ ነው የሚል ቤት ቆሟል። ደጁ ያለው ጎዳና ግን ሰውን በቆዳው ይለያል። የደወሉ ድምፅ ለሁሉም ይደርሳል፤ መንገዱ ግን ለሁሉም አልተፈቀደም።

የንድፍ አውጪው ስም እስከ ዛሬ ይጠራል። ጡቡን የተሸከመው፣ ድንጋዩን የፈለጠው፣ ሐዲዱን የዘረጋው ሠራተኛ ስሙ አብሮ አይነሣም። ላቡ ግን ግድግዳው ውስጥ አለ።

ከዚያ በኋላ

እንግሊዞች በ1941 ጣሊያኖችን አሸንፈው አሥመራ ገቡ። የሙሶሊኒ ስም ከጎዳናው ተፋቀ። ጎዳናው በየዘመኑ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ቀጥሎም ብሔራዊ ተብሎ ነበር። ዛሬ ሐርነት ይባላል፤ በትግርኛ ነፃነት ማለት ነው። ኤርትራ በ1993 ነፃ አገር ሆነች። የላቲኑ ሀገረ ስብከት በ1995 ቀረ፤ የግዕዙ ሥርዓት የካቶሊኮቹ ዋና ሥርዓት ሆነ። ካቴድራል ማለት የጳጳስ መንበር ያለበት ቤት ማለት ነው። ዛሬ የኤርትራ ካቶሊኮች ሊቀ ጳጳስ መንበር ያለው በኪዳነ ምሕረት ነው። ጡብ የለበሰው ቤት ስሙን የያዘው በልማድ ነው እንጂ በማዕረግ አይደለም። በ2017 ዩኔስኮ የአሥመራን ከተማ በዓለም ቅርስነት መዘገበ።

አንዳንድ ሰው «ቅኝ ገዢ ያሠራው ይፍረስ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ጣሊያን እንዴት ያለ ሥልጣኔ አመጣልን!» ብሎ ይደነቃል። እኛ ሁለቱንም አንቀበልም። ሕንፃው ይጠበቅ፤ የሠራው የሰው ጉልበት ነውና። ታሪኩም ሳይቀባባ ይነገር፤ የተሠራው በሰው አገር ጌታ የሆነ መንግሥት በገዛበት ዘመን ነውና።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. ካቴድራሉ የተሠራበት መልክ ከየት አገር የመጣ ነው? ለምን ተመረጠ?
2. ባቡሩ ለግንባታ ዕቃ ምን ጥቅም ነበረው?
3. በአካባቢያችሁ የቆየ ሕንፃ አለ? ማን አሠራው? ጉልበቱስ የማን ነበር?