ከትኩሳቱ ቀድሞ የሚናገር የልብ ምት

አምቦ ውስጥ የሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ እናስብ። ሲነጋ ተራዋን አስረክባ ቤቷ ትገባለች። ሰውነቷን ከበድ ብሏታል፤ «የዲዩቲ ድካም ነው» ብላ ትተኛለች። ትኩሳቱ የሚነሳባት ከሁለት ቀን በኋላ ነው። እስከዚያ ስንት በሽተኛ ነክታለች? ልጆቿንስ ስንቴ አቅፋለች?

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን መግባቱ ከተነገረ በኋላ በየበሩ ግንባራችን ላይ የሚደገነውን የሙቀት መለኪያ እናስታውሳለን። ችግሩ ትኩሳት ዘግይቶ መምጣቱ ነው፤ ጭራሽ የማይመጣበትም ሰው አለ። ሰውነት ግን ባለቤቱ ሳያውቅ አስቀድሞ ትግል ይጀምራል፤ በእንቅልፍ ሰዓት እንኳ ልብ ፈጠን ብላ ትመታለች።

ይህን የሚያነብ የእጅ ሰዓት አለ። ጀርባው ላይ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ደም አረንጓዴ ብርሃን ይውጣል፤ ልብ በመታች ቁጥር ከቆዳ ሥር ያለው ደም ስለሚበዛ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ያንሳል። ሰዓቱ የሚቆጥረው ይህን ነው። ቁም ነገሩ ነርሷን ከሌላ ሰው ጋር አለማወዳደሩ ነው። የአንዷ ልብ በዕረፍት ጊዜ 58፣ የሌላዋ 74 ጊዜ ቢመታ ሁለቱም ጤነኞች ናቸው። ሰዓቱ የራሷን ልማድ ለሳምንታት አጥንቶ፣ ከዚያ ስትወጣ ያስጠነቅቃል።

እ.ኤ.አ. በ2020 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኮሮና የያዛቸውን 32 ሰዎች መረጃ ሲመረምሩ በ26ቱ ላይ የልብ ምት፣ የዕለት እርምጃ ወይም የእንቅልፍ ለውጥ አገኙ። ኒው ዮርክ በሚገኘው ማውንት ሳይናይ የሕክምና ተቋም ደግሞ 297 የጤና ሠራተኞች ሰዓት አስረው ተጠንተው ነበር። በምትና በምት መካከል ያለው ክፍተት የሚለዋወጥበት መጠን ምርመራው በሽታውን ከማሳየቱ እስከ 7 ቀን ቀድሞ ተለውጦ ታይቷል።

ይሁን እንጂ ሰዓቱ የበሽታውን ስም አይናገርም። አረቄም፣ ጭንቀትም፣ እንቅልፍ ማጣትም ልብን ያፈጥናሉ፤ ቀንና ሌሊት እየተፈራረቀች የምትሠራ ነርስማ መረጃዋ ይዘበራረቃል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ቲቢ ነው፤ ቀስ እያለ ስለሚገባ ድንገተኛ ለውጥ የሚፈልገውን መሣሪያ ሊያልፈው ይችላል። ደግሞም ለቀዶ ሕክምና እጅ ሲታጠቡ ሰዓት መውለቅ አለበት፤ ከሥሩ ቆሻሻ ይደበቃል።

ሰዓት ለሌለው ዘዴው ቀላል ነው፤ ጠዋት ከአልጋ ሳይነሱ የእጅ አንጓን ይዞ ምቱን አንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠርና መጻፍ። ቁጥሩ ከወትሮው በግልጽ ከፍ ካለ ሙቀትን መለካት፣ ማስክ ማድረግ፣ መመርመር።

ግን ማስጠንቀቂያው የደረሳት ነርስ «ዛሬ አልገባም» ማለት ካልቻለች ምን ይረባታል? ከአምቦ በስተምዕራብ ባሉት ጉደርም ሆነ ጌዶ፣ ጥቂት ሰዎች ተራ በሚገቡበት ጤና ጣቢያ አንዷ ስትቀር ሸክሙ ባልደረባዋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ሰዓት ከመገዛቱ በፊት ደመወዟ እንደማይቆረጥ ሊነገራት፣ የልብ ምቷንም አለቃዋ እንደማያየው ሊረጋገጥላት፣ በተራ ሰሌዳው ላይም ከስሟ ጎን የተተኪዋ ስም ሊጻፍ ይገባል።